«እኔ ታሪክ የለኝም» ላለው ልጅ

የትምህርትና የቤተሰብ ዓምድ

 

የዛሬውን ርዕስ የሰጡኝ ወላጆች ናቸው። ሰሞኑን አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ «መምህር፣ ልጄ እንግሊዝኛውን ከእኔ አልፎ ይናገራል፤ ሒሳቡም ደህና ነው። ኮምፖዚሽን ሲባል ግን ወረቀቱን ባዶውን ይመልሳል። ምን ይሻለዋል?» አሉኝ። ይህንን ጥያቄ የሰማሁት ከእሳቸው ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ደግሞ ድርሰት የዋዛ ነገር አይደለም፤ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እስከ ፒ ሰቨኑ ብሔራዊ ፈተና ድረስ ልጁን ይከተለዋል። ነገር ግን ዛሬ ስለ ፈተና ብቻ ላወራችሁ አይደለም። ከፈተናው በስተጀርባ አንድ የከበደ ነገር አለና እሱን እንጨዋወት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካባላጋላ ውስጥ በተውሶ ባገኘናት አንዲት ክፍል የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ አስጠናለሁ። ከወራት በፊት አንድ ቀን፣ «ዛሬ ስለራሳችሁ አንድ ታሪክ ጻፉ» አልኳቸው። ደብተር ተከፈተ፣ እርሳስ ተቀረጸ፣ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። አንዱ አንበሳ ስለገደለ ጀግና ጻፈ። አንዷ ከመማሪያ መጽሐፏ ላይ ስለ አንዲት የመንደር ልጅ የተጻፈውን፣ ስሟን ብቻ ቀይራ ገለበጠች። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ እርሳሱን ሲያኝክ ቆየና አንዲት መስመር ብቻ ጻፈ፦ «እኔ ታሪክ የለኝም።»

ጎንበስ ብዬ፣ «እንዴት የለህም? ሰው ሆኖ ታሪክ የሌለው አለ እንዴ?» አልኩት። ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ለቢሮ የሚነገረውን ነው? እሱን እማዬ ለማንም እንዳትናገር ብላኛለች» አለኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልስ አጣሁ።

ታሪክ የምትለዋ ቃል

እስቲ ወደየቤታችን እንመለስ። ልጆቻችን «ታሪክ» የሚለውን ቃል ከእኛ አፍ የሚሰሙት መቼ ነው? ኢንተርቪው ሲቃረብ ነው። «ታሪኩን ጻፉለት ወይ?»፣ «ታሪክሽን ጨርሰሽ ተናገርሽ?»፣ «ቀኑን እንዳትረሳ» ስንባባል ነው። ስለዚህ ለልጁ ታሪክ ማለት አዋቂ ሰው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው የሚናገረው ረጅምና ከባድ ነገር ነው። ስህተት ከገባበት የቤተሰቡን ዕድል የሚያበላሽ ነገር ነው። ታዲያ የአሥር ዓመት ልጅ «ስለራስህ ታሪክ ጻፍ» ሲባል ቢደነግጥ ይፈረድበታል?

ሌላም አለ። «እዚህ እኮ ለጊዜው ነው» እንላለን። «ፕሮሰሱ ሲያልቅ»፣ «እዚያ ስንደርስ»፣ «አገር ሰላም ሲሆን» እንላለን። ራሳችንን ለማጽናናት የምንለው ነው፤ እኔም እላለሁ። ልጁ ግን እዚህ ተወልዶ ወይም በሦስት ዓመቱ መጥቶ አሁን አሥር ዓመት ሞልቶታል። ለእኛ መቆያ የሆነው ዘመን ለእሱ ልጅነቱ ነው። ሌላ ልጅነት አይሰጠውም። የሚኖረው ኑሮ ገና ያልተጀመረ ኑሮ መሆኑን በየቀኑ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ስለዚህ ኑሮ ምን ብሎ ይጽፋል?

ስለዚህ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን የሚጽፉት ነገር አላጡም። ያጡት፣ ትንሿን ነገራቸውን ቁም ነገር ብሎ የሚሰማ ሰው ነው።

«ላሚቱ ወልዳለች በለው»

ይህንን ነገር የተማርኩት መምህራን ኮሌጅ ሳልገባ ነው። በ1982 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያኔ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካለፈም በኋላ፣ ረጅም ደብዳቤ ሲሆን የሚጠራው የሰፈር ተማሪ ነው። የጎረቤታችን የአንዲት እናት ልጅ ወታደር ሆኖ አሥመራ ነበር። እናቲቱ ይጠሩኝና ቆሎ ዘግነው ሰጥተውኝ ያስጽፉኛል። እኔም እንደ ልማዱ ጤናው እንዴት እንደሆነ ጠይቄ፣ እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና እንደሆንን፣ ከናፍቆት በስተቀር ምንም እንዳልጎደለብን እየደረደርኩ ሁለት ገጽ እሞላለሁ። ሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ወረቀቱን ላጥፍ ስል፣ «ቆይ ልጄ፣ ላሚቱ ወልዳለች በለው። ጥጃዋም እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት በለው» አሉኝ። ቦታ ስላልነበረ ከግርጌ ጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል ጨመርኩት። ለእኔ ተራ ነገር ነበር።

በ1983 ክረምት ያ ወታደር እንደ ብዙዎቹ በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ገባ። ሰፈሩ «እንኳን ደህና ገባህ» ሊለው ሲሰበሰብ እኔንም አየኝና፣ «ደብዳቤ ጸሐፊው አንተ ነህ?» አለኝ። «ከደብዳቤህ ሁሉ የማስታውሰው የጥጃዋን ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት የሚለውን ሳነብ ግቢያችን ቁልጭ ብሎ ታየኝ።» ሁለቱ ገጽ ሰላምታ አልፎ ሄደ። የቀረችው ያቺ የግርጌ መስመር ናት።

ሰላምታውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ጥጃዋን ግን ያያት ሰው ብቻ ነው የሚጽፋት። ልጆቻችንን ማስተማር ያለብን ይህንን ነው።

የእኔ ስህተት

ይህንን እያወቅሁ፣ ካምፓላ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ተሳስቻለሁ። በየት/ቤቱ የተለመደ የድርሰት ርዕስ አለ፤ «የማልረሳው ቀን» ይባላል። ሳላስብ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እርሳሷን አስቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጪ ታይ ጀመር። አልገባኝም። «ጻፊ እንጂ! ሁሉም ሰው የማይረሳው ቀን አለው» አልኳት። አዎ፣ ነበራት። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለሦስት ሳምንት ቀረች። እናቷ ዘንድ ስሄድ፣ «መምህር፣ ሌሊት እየባነነች ነው» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ያ ርዕስ ለእኛ ልጆች ሁለት ጉዳት አለው። ክፉ ያየውን ልጅ ሳይዘጋጅ ቁስሉን ይነካበታል። ክፉ ያላየውን ደግሞ «ትልቅ ነገር ካልደረሰብኝ የምጽፈው የለኝም» ያሰኘዋል። አንበሳው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ልጁ ራሱ መርጦ ያንን ከባድ ቀን ከጻፈስ? አንከልክለው። ይዞልን ከመጣ እናንብብለት፣ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» እንበለው። ዝርዝር አንጠይቀው፣ ፊደሉንም አናርም። እንቅልፍ የሚያጣ፣ የሚባንን ወይም ከጨዋታ የሚሸሽ ልጅ ካለ ግን ጉዳዩ የድርሰት አይደለም። ወደ ጤና ባለሙያ ወይም ወደ ማኅበረሰብ አማካሪ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ታዲያ ምን እናድርግ? ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከድሮም ቤታችን ውስጥ አለ። ቡናችን ነው። በየቀኑ ባይፈላም በሳምንት አንድ ቀን አይጠፋም፤ ከጠፋም ሻይ ይሁን። ልጁ ቡናውን ባይጠጣም አጠገባችን ይቀመጥ።

በአቦሉ ልጁ ይናገር። «እንዴት ዋልክ?» ብትሉት «ደህና» ይላችኋል፤ ወሬው እዚያው አለቀ። ጥያቄያችሁ ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። ከት/ቤት ስትመጣ ምን አየህ? ማን አሳቀህ? ምን ጠፋብህ? መንገድ የምትቀይረው የማንን ውሻ ፈርተህ ነው? ቦዳ ቦዳው ላይ ስንት ሰው ተጭኖ ነበር? ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አንተ ምን አሰብክ? የጎረቤት ምግብ ሽታው ምን ይመስላል? ከእነዚህ መካከል አንዷ ትበቃለች። ሁሉንም ባንድ ቀን አትጠይቁ።

በቶናው ጠጋ ብለን እንጠይቅ። ልጁ «ቻፓቲ ሻጩ ተናደደ» ቢል፣ «እንዴት አወቅህ? ምን አደረገ? አንተ የት ቆመህ ነበር?» በሉት። ልጁ መልሶ እንዲያይ እርዱት እንጂ መርማሪ አትሁኑበት። ልጆቻችን የጥያቄ ዓይነት ያውቃሉ። ለማወቅ የሚጠይቅ ሰውና ለመያዝ የሚጠይቅ ሰው ድምፃቸው አይመሳሰልም። «ባለፈው እንዲህ አላልክም ነበር» የምትለዋን ቃል ለዚያች ሰዓት ከቤት እናስወጣት።

በበረካው ይጻፍ። ለትንሽ ልጅ አንዲት ቃል ትበቃለች። ሲልቪያ አሽተን ዋርነር የተባለች የኒውዚላንድ መምህርት የማዎሪ ሕፃናትን ታስተምር ነበር። ለእነሱ ሕይወት ሩቅ የሆነው የማንበቢያ መጽሐፍ ልጆቹን አልይዝ ሲላት፣ እያንዳንዱን ልጅ ዛሬ የሚፈልገው ቃል ምን እንደሆነ እየጠየቀች፣ የነገራትን ቃል ካርቶን ላይ ጽፋ ትሰጠው ነበር። ከልቡ የወጣችውን ቃል ልጁ በማግስቱም ያውቃታል። ካላወቃት ደግሞ ቃሏ የእሱ አልነበረችም ብላ ትጥላታለች። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመችው መጽሐፍ ገልጻዋለች። ካርቶን እኛም አናጣም፤ የሳሙና መያዣው ይበቃል።

ያቺ ሦስት ሳምንት የቀረችው ልጅ ስትመለስ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። «ዛሬ የምትፈልጊው ቃል ምንድን ነው?» አልኳት። ብዙ አሰበችና «ድመት» አለችኝ። ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድመቷ ሱቁ ሥር እንደምትተኛ ነገረችኝ። በሌላው ቅዳሜ ሦስት መስመር ራሷ ጻፈች። ዛሬ ስለዚያች ድመት አንድ ደብተር ሊሞላ ምንም አልቀራትም።

እንግዲህ አምስትና ስድስት ዓመት ለሆነው ልጅ ቃሉን ጻፉለትና ሥዕል ይሳልበት። ሰባትና ስምንት ዓመት ለሆነው ደግሞ የተናገረውን ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ በራሱ አነጋገር ሳታሳምሩ ጻፉለትና ይገልብጠው። ከዚያ በላይ የሆነው ራሱ ይጻፍ። መጻፍ የማትችሉ ወላጆችም አትሸማቀቁ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይጽፋል፤ ዋናው የእናንተ ጆሮ ነው። አባቶችም «ይሄ የእናት ሥራ ነው» አትበሉ። አባቱ ስልኩን አስቀምጦ ያዳመጠው ልጅ ሲናገር ፊቱ ይለወጣል።

በየትኛው ቋንቋ? ቢሉ፣ በመጣለት። አንድ ልጅ አንድ ገጽ ላይ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሉጋንዳ ደባልቆ ጽፎልኛል። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚነገርም ልጅ እንዲሁ ያድርግ። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ፣ ዩጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2007 ለታችኞቹ ክፍሎች ያወጣችው ሥርዓተ ትምህርት፣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ይጀምር ያሉት በከንቱ አይደለም። የት/ቤቱ ኮምፖዚሽን በእንግሊዝኛ ነው፤ እውነት ነው። ግን ነገሩን በአፉ ተናግሮ የጨረሰ ልጅ የሚጎድለው ቃል ብቻ ነው። ቃል ደግሞ ይጠየቃል፣ ይፈለጋል። ምን እንደሚል ያላወቀ ልጅ ግን መዝገበ ቃላት ብትሰጡትም አይጽፍም።

ቀይ እስክሪብቶውንም መጀመሪያ አናንሳ። ልጁ ስለ እናቱ የጻፈውን አምጥቶ «ሀ» እና «ሐ» አሳስተሃል ብንለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያመጣልን ስህተት የሌለበትን ነገር ነው። እሱም ባዶ ወረቀት ነው። መጀመሪያ ስለ ጉዳዩ አንድ ነገር እንበለው፤ እርማቱ በማግስቱ ይደርሳል።

ከቤት የማይወጣ ነገር

ወደዚያ «ታሪክ የለኝም» ወዳለው ልጅ ልመልሳችሁ። እናቱ ነገሩን ሰምታ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። «መምህር፣ አይቀየሙኝ። ልጄ የሚጽፈው ነገር ማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም። ኬዛችን ገና አላለቀም» አለችኝ።

«ልክ ነሽ እህቴ» ነው ያልኳት። ስጋቷ ከንቱ አይደለም። ደብተር ይጠፋል፣ ወረቀት ሰው እጅ ይገባል፣ ወሬም ከክፍል ይወጣል። ከእሷ ጋር ተቀምጠን ሦስት ደንብ አወጣን፤ እስከ ዛሬ እየሠራንበት ነው።

አንደኛ፣ አገር ቤት ስለሆነው፣ እንዴት እንደወጣን፣ ስለ ፋይልና ስለ ኢንተርቪው ልጅ እንዲጽፍ አንጠይቅም። ራሱ ከጻፈውም ወረቀቱ ቤቱ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ የሰው ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ አይጻፍም። «ጎረቤታችን»፣ «ጓደኛዬ» ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ደብተሩ የልጁ ነው። እሱ ሳይፈቅድ ለእንግዳ አይነበብም፣ ሰው ፊት አይሳቅበትም።

ልጅን በደፈናው «ዝም በል» ያልነው እንደሆነ ሁሉንም ነገሩን ዝም ይላል፤ የሚነገረውንም የማይነገረውንም። «ይህ የቤታችን ነው፤ ያኛው ግን የራስህ ነውና ጻፈው» ብንለው ግን ድንበሩን ያውቃል። ድንበሩን ካወቀ ደግሞ አይፈራም።

ቢጫው ጀሪካን

እናትየዋ ከተስማማች በኋላ ልጁን ጠራሁት። «ታሪክ» የምትለዋን ቃል ተውኳት። «ዛሬ ጠዋት ምን ተሸክመህ ነበር?» አልኩት።

«ውሃ።»

«በምን?»

«በጀሪካን።»

«ክዳን አለው?»

ሳቀ። ከዚያ ማን ያስቁመው! የጻፈውን በእሱና በእናቱ ፈቃድ፣ ፊደሉን ብቻ አስተካክዬ እነሆ፦

«የኛ ጀሪካን ቢጫ ነው። ክዳኑ ጠፍቷል። እማዬ በፌስታል ትደፍነዋለች። ዳገቱን ስወጣ ፌስታሉ ወለቀና ውሃው አንገቴ ውስጥ ገባ። በጣም ይቀዘቅዛል። የጎረቤት ጃጃ አየችኝ። በሉጋንዳ ተናገረችኝ፣ ግማሹ ገባኝ። የደረቀ የሙዝ ቅጠል ጠምዝዛ ክብ ሠራችና ጭንቅላቴ ላይ አደረገችልኝ። እንካታ ይባላል። ጀሪካኑን ከላይ አስቀመጠችው። ልጆች እንዳያዩኝ አፈርኩ። ግን አልፈሰሰም። ቤት ስደርስ እማዬ አየችኝና ሳቀች። እማዬ ስትስቅ ምን እንደምትመስል ረስቼ ነበር። እንካታውን አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።»

እናቱ ወረቀቱን እኔው ዘንድ ቆማ አነበበችው። ብዙ ዝም አለች። በመጨረሻ፣ «ይህን ሁሉ ያያል?» አለችኝ።

«ያያል እህቴ» አልኳት።

ተመልከቱልኝ፤ አንበሳ የለም፣ አውሮፕላን የለም። የጠፋ ክዳን አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፣ የሰው አገር ደግ ሴት አለች፣ ኀፍረት አለ፣ የእናት ሳቅ አለ። ይህ ልጅ ነገ በፈተና ላይ «አንድ ሰው ስለረዳህ ቀን ጻፍ» ቢባል እርሳስ አያኝክም። ከዚያም በላይ ደግሞ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የት እንደሚኖር ባናውቅም፣ ካምፓላ ውስጥ ልጅ ሆኖ እንደኖረ የሚመሰክርለት ወረቀት በእጁ አለው።

ለልጆች የቀረበ ጥሪ

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሴሌስታን ፍሬኔ የተባለ ፈረንሳዊ የገጠር መምህር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ስለነበር ክፍል ውስጥ ብዙ መናገር ይከብደው ነበር። ልጆቹን ይዞ እየወጣ ሰፈሩን ያሳያቸው፣ ያዩትንም ያስጽፋቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ገዛና ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው እያተሙ፣ ከእነሱ በጣም ርቆ በባሕር ዳር ካለ ሌላ ት/ቤት ልጆች ጋር ይለዋወጡ ነበር። ተራ የሚመስላቸው ነገራቸው ለሩቁ ልጅ አዲስ ሆኖ ሲገኝ፣ መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው።

እኛስ? የካምፓላ ልጅ የታክሲ መናኸሪያውን ጩኸት ያውቃል፤ የናኪቫሌን ሐይቅ አያውቅም። የናኪቫሌ ልጅ በቆሎ እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል፤ እዚህ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ቆመው የሚውሉትን እንደ ሰው የሚረዝሙ አባ ኮዳዎች አላያቸውም ይሆናል። እንግዲህ ልጆች ይጻጻፉ። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ በዓይናቸው ያዩት አንድ ትንሽ ነገር ይሁን። ስም አይጻፍበት፣ ዕድሜ ብቻ ይበቃል። ወላጅና ልጅ ሁለቱም ከፈቀዱ ይህችን ጋዜጣ ለሚያድሏችሁ አስተባባሪዎች ስጡልን፤ ከዚያኛው ሰፈር ላሉት ልጆች እናደርሳለን።

እስከዚያው ድረስ የቤት ሥራው የእኛ የወላጆች ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ በአቦሉ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ልጃችሁን ጠይቁና እስኪጨርስ ስሙት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።

መምህሩ፣ ከካምፓላ